ስምንተኛዋ ድንች

አክስቴ እትዬ ብርሃኔ ዘር የምትቆጥረው በድንች ነው። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ቅቅል ድንች በአዋዜ ስለምትሸጥ ከእጇ ድንችና ቢላዋ አይጠፋም፤ ከዳባት እስከ ደረስጌ ያለውን ሰው ትውልድ ደግሞ በቃሏ ታውቃለች። ልጅ የሚድሩ ሰዎች ቀን ከመቁረጣቸው በፊት እሷ ዘንድ ብቅ ይላሉ። የሙሽራውን ወገን በአንድ ረድፍ፣ የሙሽራዋን ወገን በሌላ ረድፍ እየላጠች ትደረድራለች፤ አንዱ ድንች አንድ ሰው ነው። ረድፎቹን ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ቅድመ አያት ካገናኛቸው፣ ከእሱ በታች ያሉትን ትቆጥራለች። በሁለቱም ወገን ከሰባት ካለፈ ይጋባሉ። ካላለፈ ወንድምና እህት ናቸው፤ ድንቹ ድስት ውስጥ ይገባል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

የእኔ ተራ የደረሰው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልንጨርስ ስንል ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፈተናው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሚሰጥ ሁላችንም በአውቶቡስ እንሄዳለን፤ ከፈተናው ይልቅ የሚወራው ግን ስለ ወንበሩ ነበር። አንድ ወንበር ሁለት ሰው ይይዛል። ወንድና ሴት አብረው ከተቀመጡ፣ አውቶቡሱ ዳባት ሳይደርስ ነገሩ የታወቀ ነው።

አጠገቤ ተቀመጪ ብለው የጠየቁኝ ሁለት ነበሩ። አጠገቤ እንዳትቀመጪ ብሎ ያስጠነቀቀኝ ደግሞ አንድ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ቃለ አብ ነው። የዳባት መሪጌታ ልጅ ነው፤ ፊዚክስ ሲያስረዳኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቆሎውን ሲያካፍለኝ ሽምብራውን ለይቶ ለእኔ ይተዋል። ሁለተኛው ፀጋው ነው። አባቱ አስጎብኚ ስለሆነ በቆዳ ጃኬትና በእንግሊዝኛ ነው ያደገው። ቁመቱ በር ሲገባ ያስጎነብሰዋል፤ ሲያጎነብስ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። እኔም አይቻለሁ።

ሦስተኛው የሺዋስ ነው። የሺዋስ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አስተዋዋቂ ነበር፤ አፉ ስለት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የተፈጥሮ ክበቡ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያሳየን ወደ ፓርኩ ጫፍ ወሰደን። እኔ ከመንደሬ ከድብ ባሕር ለትምህርት ስመጣ እናቴ «የደባርቅ ብርድ አይቻልም» ብላ የገዛችልኝን ቀይ ሹራብ ለብሼ ነበር። ጭላዳ ደግሞ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። የቀረውን የሺዋስ ጨረሰው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በድምፅ ማጉያው፣ «ማስታወቂያ። አንዲት ጭላዳ ከፓርኩ ጠፍታ ዘጠነኛ ሀ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ተገኝታለች። ባለቤት ነኝ የሚል ገብስ ይዞ ይምጣ» አለ።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ባንቻየሁ መባሌን የሚያስታውሰው ስም ጠሪው መምህር ብቻ ሆነ። ሹራቡን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት፤ የደባርቅን ብርድ በስስ ጃኬት ተለማመድሁት።

የክበቡ መምህር አንድ ደንብ ነበረው፤ ያያችሁትን ተናገሩ፣ የመሰላችሁን ለራሳችሁ ያዙ። ጭላዳው «ተቆጣ» አይባልም፤ «ላይኛ ከንፈሩን ገለበጠ» ይባላል። እኔ ይህን ደንብ ወደድሁት፤ ከጭላዳ አልፌ ለሰውም አዋልሁት። የሺዋስን በዚህ ደንብ ስመለከተው ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። እሑድ እሑድ ከቤት ስንቄን ይዤ መናኸሪያ ስወርድ ጆንያዬን ከእጄ ይነጥቃል። «ይህን ሁሉ ገብስ ብቻሽን ልትጨርሺው ነው? ለመንጋው አታካፍዪም?» እያለ እስከ አክስቴ በር ድረስ ይሸከመዋል። ሌላ ልጅ ጭላዳ ሲለኝ «ስሙ የእኔ ነው፤ ፈቃድ አውጣበት» ብሎ ኮሌታውን ይይዛል። የክፍላችን መስኮት መስታወት የተሰበረ ጊዜ፣ «ከሽታሽ ልራቅ» ብሎ በእኔና በነፋሱ መካከል ያለው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ የብርዱን ወራትም እዚያው እያስነጠሰ ገፋው።

ያየሁት ይህ ነው። የመሰለኝን ለራሴ ያዝሁ።

ስለ አውቶቡሱ ሲወራ ደግሞ፣ «እኔ አጠገብ እንዳትመጪ፤ ቁንጫ አለብሽ» አለኝ። ማንም ሳይጠይቀው።

ቃለ አብ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ድንች ሊበላ ሲመጣ አክስቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ የራበህ ከየት መጥተህ ነው?»

«ከዳባት ነኝ፣ እማማ። የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ።»

«እናትህስ?»

እናቱን ነገራት። ቢላዋዋን መልሳ አነሳች። ልጣጩ ሳይቆረጥ ይወርዳል፤ ድንቹ ይደረደራል። እኔ ሽንኩርት የምከትፍ መስዬ እመለከታለሁ። አራተኛው ላይ ቆመች።

«ቅድመ አያቱና ቅድመ አያትሽ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለችኝ። «አራት ቤት። ለወንድምሽ ድንች ጨምሪለት።»

ቃለ አብ የጎረሰውን እንደ ምንም ዋጠ። «እግዚአብሔር ያወቀው ነው» አለ። ከዚያ የጨመርሁለትን ጨረሰ፤ በማግስቱም ይታይሽ የምትባለው የክፍላችን ልጅ ከእሱ ጋር ትዛመድ እንደሆነ እንድትቆጥርለት የራሱን ድንች በፌስታል ይዞ መጣ።

ፀጋው ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ዶንት ወሪ፣ ባንቺ። እኛ ከሩቅ የመጣን የአምቢኮ ሰዎች ነን፤ ምን ያገናኘናል?» ብሎ በራሱ እግር መጥቶ አክስቴ ፊት ተቀመጠ። ሦስት ድንች፣ አራት ድንች፤ ረድፎቹ አልተገናኙም። አምስተኛው ላይ ፀጋው ጃኬቱን አስተካከለ። ስድስተኛው ላይ አክስቴ ቀና ብላ አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላም አንድ ትልቅ ድንች ከሁለቱም ረድፍ በላይ አስቀመጠች።

«አንድ ብቻ ይጨምሩልኝ፣ እማማ» አለ ፀጋው።

«ብጨምርልህ ሰባት ነው፤ እሱም አይሆንም። ደግሞ ያያቶችህን ቁጥር እኔ አልወስንም።»

ፀጋው ሲወጣ በሩ ላይ ማጎንበስ ረሳ።

እንዲህ የሁለቱንም ጎረምሶች ቅድመ አያቶች ቀቅለን በአዋዜ ሸጥን። ያን ማታ እኔም ራሴን መረመርሁ። ሁለት ሸጋ ልጆች ከእጄ ወጥተዋል፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ፤ ልቤ እንደ ወትሮው ይመታል። እራቴን በላሁ። እንቅልፌም መጣ። እንዲህ ያለ ኀዘን የለም። ታዲያ ልቤ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ የት ነው? የት እንደሆነ ሳውቅ ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ጎትቼ ሳቅሁ፤ ቀጥዬም በራሴ ተናደድሁ። የሰደበኝን፣ ሹራቤን ያስወለቀኝን ልጅ።

ለአክስቴ ምንም አልተነፈስሁም። ያልተቆጠረ ሰው ገና የማንም ወንድም አይደለም።

በሚቀጥለው እሑድ ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ጉሙ ከተማው ላይ ተኝቶ ያካፋል። ከመኪና ስወርድ የሺዋስ ጆንያዬን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «ወንድም በወንድም ሆንሽ አሉ። አውቶቡሱ የቤተሰብ ሊሆን ነው።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እኔም ከቤተሰቡ ነኛ። ሦስተኛው ወንድምሽ ነኝ። ሰባት ቤት።»

እግሬ ቆመ። «ማን ቆጠረው?»

«አባቴ።»

«መቼ?»

«ዘጠነኛ ክፍል የገባን ጊዜ። መስከረም ላይ።»

«አባትህ ዝም ብለው ተነሥተው ቆጠሩት?»

«ጠይቄው ነዋ።»

«አንተስ ለምን ጠየቅኻቸው?»

የሺዋስ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። በእኛ አገር ሰው ዘር የሚያስቆጥረው ለሁለት ነገር ነው፤ ለርስት ወይም ለጋብቻ። የየሺዋስ አባት በቅሎ አከራይ ናቸው፤ የሚካፈሉት ርስት የላቸውም።

«ጭላዳ ያልኸኝ ኅዳር ላይ ነው» አልሁት። «መስከረም ላይ አስቆጠርህ፤ ኅዳር ላይ ሰደብኸኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ጆንያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «እህቴን እያየሁ ልቅለጥ? ልጥላሽ ብዬ ነበር። ጥላቻው አልመጣ ሲለኝ ስድቡን ጀመርሁ። ስድብ ይቀለኛል።»

«እኔ ደግሞ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሹራቤን ለብሼው አላውቅም።»

«የቱን?»

«ቀዩን። እናቴ የገዛችልኝን። አራት ዓመት በዚህ ጃኬት ነው ያለፍሁት።»

ጆንያውን ጭቃው ላይ አስቀመጠ፤ ጭቃ መሆኑን አይቶ መልሶ አነሳው።

«ብርድ የማይበርድሽ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኔ ያቺን ሹራብ ስትለብሽ ለማየት ነበር በጠዋት የምመጣው። አለመልበስሽን አይቻለሁ። ያረጀች መስሎኝ ነው፤ በእኔ መሆኑን አላወቅሁም።»

እስከ አክስቴ በር ድረስ አንድ ስድብ አልሰደበኝም። እንዲህ ጨዋ ሆኖ ሲሄድ ማየት አስፈራኝ።

ሰባት ቤት። አንድ ብቻ የጎደለው። ያን ምሽት ድንች ስልጥ ሁለት ጊዜ እጄን ቆረጥሁ።

አባቱ አያ ገዱ በገበያ ቀን በቅሎዎቻቸውን በር ላይ አስረው አክስቴ ዘንድ ድንች ይበላሉ። በቀጣዩ ገበያ ሲመጡ ሳህኑን ራሴ አቀረብሁላቸው፤ አዋዜውን አበዛሁት፤ ከዚያ ልቤን ይዤ ጠየቅሁ።

«አያ ገዱ፣ እኛና እርስዎ ዘመድ ነን ይባላል?»

«እንዴታ፣ ልጄ። በሀብተ ሚካኤል በኩል። ሰባት ቤት ነን።»

አክስቴ ቀና አለች። «ሰባት ያለህ ማን ነው? እኔ ሳልቆጥር?»

«እኔው ነኛ፣ ብርሃኔ። ልጄ ጠይቆኝ ቆጥሬዋለሁ።»

«እስቲ በላ ቁጠር።» ድንቹን ወደ እኔ ገፋችልኝ። «አንቺ ደርድሪ።»

የእኛ ወገን ስምንት እንደሆነ አክስቴ አስቀድማ ታውቃለች፤ ስምንት ድንች ደረደርሁ። አያ ገዱ እንደ ጸሎት ይወርዱት ጀመር፤ «የሺዋስ ገዱ። ገዱ ውዱ። ውዱ ታገኘ። ታገኘ ፍቅረ ሥላሴ። ፍቅረ ሥላሴ ያርጋል። ያርጋል ወልደ ሩፋኤል። ወልደ ሩፋኤል ሀብተ ሚካኤል።» እኔ በየስሙ አንድ አንድ አስቀመጥሁ። ከሀብተ ሚካኤል በታች ሰባት። ደግሜ በዓይኔ ቆጠርሁ። ሰባት።

አክስቴ ግን ዓይኗን ሦስተኛው ድንች ላይ ተክላለች።

«ገዱ፣ ውዱ ምንህ ነው?»

«አባቴ ነዋ። መታወቂያዬም ላይ አለ።»

«ስለ መታወቂያህ አልጠየቅሁህም። አንተ ጡት ሳትጥል ውዱ ዓይኑ ፈዝዞ በበትር የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። ልጅ ሳለሁ እጁን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው እኔ ነበርሁ። በዚያ ዕድሜው ነው አንተን የወለደህ?»

አያ ገዱ ማኘካቸውን ተዉ።

«አያቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያሳደገኝ እሱ ነው። አባባ የምለውም እሱን ነበር።»

«የወለደህስ?»

«ሙሌ።» ስሙን ከሩቅ ቦታ ያመጡት ይመስል ነበር። «አባቴ ሙሌ ነው። ሳልድህ ነው የሞተው። እኔ... ዘለልሁት እኮ።»

በእኛ አገር አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል፤ ማንም ነውር አይለውም፤ ዘር እስኪቆጠር ድረስ ማንም ልብ አይለውም። አክስቴ ከቅርጫቱ ትንሽ ድንች መርጣ በስሱ ላጠቻት፤ በገዱና በውዱ መካከል ቦታ ከፍታም አስቀመጠቻት።

«ቀጭን ልጅ ነበር» አለች። «ሲዘፍን ግን ማዶ ይሰማ ነበር።»

«ስምንት» አልሁ። በር ላይ የታሰሩት በቅሎዎች እንኳ ጆሯቸውን አቆሙ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺን ምን አስቆጠረሽ?»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«ለማወቅ ያህል ዘር የሚቆጥር ሰው እስካሁን አላየሁም።»

አያ ገዱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ድንቾቹን አዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «አንተ የሺዋስ። ተሳስቼ ኖሯል። ከብርሃኔ ቤት ሰዎች ጋር ስምንት ቤት ነን። ስምንት። ሄሎ?» ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። «ወደቀበት መሰለኝ» አሉ። ሲነሡም ትንሿን ድንች ከረድፉ አነሱ። «ይችን አትቀቅሉብኝ» ብለው በመሀረብ ጠቀለሏትና ኪሳቸው ከተቷት።

የቀሩት ሳይበስሉ የሺዋስ ደረሰ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አክስቴ በቢላዋዋ ጫፍ በርጩማ አሳየችው፤ አልተቀመጠም።

«ባንቻየሁ» አለ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ግን ፊቴን አልለወጥሁም።

«ስምንት ቤት መሆን ይቅርታ አይሆንም» አልሁት። «በድምፅ ማጉያ የሰጠኸኝን ስም በድምፅ ማጉያ ውሰደው። ከዚያ በፊት አታናግረኝ።»

«ሰኞ» አለ።

«ድንቹን ከፍለህ ነው የምትሄደው?» አለችው አክስቴ።

«አልበላሁም እኮ፣ እማማ።»

«እንዲህ ሮጦ የመጣ ሰው መብላት አለበት። ተቀመጥ።»

ሰኞ ባንዲራ ተሰቀለ። የየሺዋስ ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ማስታወቂያ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንዲት ጭላዳ ጠፋች ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ከንፈሩን እየገለበጠ ሰው ሲያስፈራራ የኖረው ጭላዳ እኔ ነኝ። ልጅቱ ባንቻየሁ ትባላለች። በዚህ ድምፅ ማጉያ አስቄባታለሁ፤ ሳቁ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በብርድ ከፈለችው። ባንቻየሁ፣ ይቅርታ። እ... ሹራብሽም ያምርብሽ ነበር። ያኔም ያምርብሽ ነበር። በጣም ነው እኮ...» እዚህ ላይ ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ነጠቁት።

ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጭላዳው!» ብሎ ጮኸ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የሺዋስ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ወጥቶ «አቤት» አለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም ለጠራው ሁሉ አቤት እንዳለ ነው።

የጉዞው ቀን ሹራቡን ከሳጥን አወጣሁት። እኔ አድጌያለሁ፤ እሱ አላደገም፤ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ለበስሁት። አክስቴ ትኩስ ድንች በፌስታል አስያዘችኝና፣ «ለወንድሞችሽ አካፍዪ» አለች፤ ቀጥላም ወደ ውጭ እያየች፣ «ለማይዛመድሽም» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቃለ አብ ከይታይሽ ጋር ተቀምጧል፤ ሰባት ቤት አልፈው ነበር። ፀጋው የሺዋስን በቁመቱ ከልሎ ይመረምረዋል።

«እህታችንን ወዴት ልትወስዳት ነው?»

«ጎንደር። ፈተና ላይ።»

«በስንት ሰዓት ትመልሳታለህ?»

«ሹፌሩን ጠይቀው።»

የሺዋስ በጃኬቱ ወንበር ይዞ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ሹራቡን አየ፤ እጅጌውን አየ፤ አንድ ስድብ አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት።

«እንዳትቀመጪ ብለኸኝ ነበር» አልሁት። «ስለ ቁንጫ።»

«ቁንጫው የእኔ ነበር።»

መስኮቱ ጋ ገብቼ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያለው ቦታ ላይ የድንቹን ፌስታል አኖርሁ።

«እኔስ?» አለ።

«እስከ ዳባት ቆመህ ሂድ። ከዚያ እናያለን።»

ቆመ። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ይንገዳገዳል፤ ረዳቱ «አንተ ጭላዳው፣ አደብ ግዛ» ይለዋል፤ ስሙ ረዳቱ ዘንድ ሳይቀር ደርሶ ነበር። እኔ በመስኮት የገብሱን ማሳ የምመለከት መስዬ በመስታወቱ እሱን እመለከት ነበር። ይስቃል፤ ጥርሱን ለመሸፈን እየሞከረ ይስቃል። ያየሁት ይህ ነው። የመሰለኝንም ከዚህ በኋላ ለራሴ ብቻ መያዝ አላስፈለገኝም።

ዳባት ስንደርስ ፌስታሉን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ተቀመጠ። በኋላ እጁን ልኮ አንድ ትልቅ ድንች አወጣ።

«ይህ ማን ነው?» አለኝ።

አገላብጬ አየሁት። «ወልደ ሩፋኤል መሰለኝ።»

«ልብላቸው?»

«ብላቸው» አልሁት። «ግማሹን ለእኔ።»